ነገሩ አልፏል፣ ሰውነቴ ግን አልሰማም፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትም "ስለ ጭንቅላትና ስለ ስሜት ጠይቁኝ" ብዬ ነበር፣ ይሄን ያህል ደብዳቤ ይመጣል ብዬ ግን አልጠበኩም። አብዛኛው ከዚሁ ከሀዋሳ ነው። ሁሉንም መመለስ ስላልቻልኩ አምስት መረጥኩ፣ የመጀመሪያው ላይ ብዙ ቆይቻለው ምክኒያቱም ብዙዎቻችሁ በሌላ በሌላ ታሪክ ያንኑ ነው የጠየቃችሁኝ። ስም አልፃፍኩም፣ ሰው ሊለይበት የሚችለውንም ነገር ትንሽ ቀያይሬዋለው።

ጥያቄ፦ ሰላም ነው መምህር? ባጃጅ ነው የምሰራው፣ 27 አመቴ ነው። የዛሬ አመት ከምናምን ጥቁር ውሃ መውጫ ጋር ገልባጭ መኪና ከጎን ገጭቶኝ ባጃጇ ተገልብጣ እግሬ ተሰብሮ ሶስት ወር ተኝቻለው፣ ተሳፋሪ ስላልጫንኩ ተመስገን ነው። አሁን እግሬ ድኗል፣ ስራም ጀምሬያለው። ችግሩ ገልባጭ ከኋላዬ መጥቶ ፍሬኑ ያችን የአየር ድምፅ ሲያወጣ ልቤ ይመታል፣ ላብ ያጠምቀኛል፣ አንዳንዴ መሪውን ይዤ ደርቄ እቀራለው። ጭንቅላቴ "ምንም የለም እኮ፣ ቆሟል" ይላል፣ ሰውነቴ ግን አይሰማም። ጓደኞቼ ወኔህ ሞቷል ይሉኛል። እናቴ ፀበል ወስዳኛለች። አሁን ጥቁር ውሃ የሚል ተሳፋሪ ከመጣ አልሄድም ነው የምለው፣ ገቢዬም ቀንሷል። ዩቲዩብ ላይ ደግሞ መጥፎ ትዝታ የሚያጠፋ መድኃኒት ተገኘ ሲሉ ሰማሁ። እውነት ከሆነ የት ነው የሚገኘው?

መልስ፦ ወንድሜ እንኳን ነፍስህ ተረፈች። ከሁሉ በፊት ይሄን ወኔ የሚሉትን ነገር እናንሳው። ወኔ የሞተበት ሰው ሶስት ወር ተኝቶ ተነስቶ እዛው መሪ ላይ አይቀመጥም። ጓደኞችህ ክፉ አስበው አይመስለኝም፣ ግን ነገሩን አያቁትም። የሆነው ምን መሰለህ፣ ጭንቅላትህ አንድ ጊዜ ብቻ አይቶ ትምህርቱን ጥብቅ አርጎ ያዘ፣ "ይሄ ድምፅ ከተሰማ ብረት ይመጣል" ብሎ። ለነፍስህ ብሎ ነው የያዘው።

አሁን ሰውነትህ ለምን እንደማይሰማህ ልንገርህ። ድምፅ በጆሮህ ከገባ በኋላ ጭንቅላትህ መሀል አካባቢ ታላመስ የሚባል ቦታ ይደርሳል፣ መናኸሪያ በለው፣ ሽታ ሲቀር ከውጪ የሚመጣው ነገር ሁሉ እዛ ወርዶ ነው እንደገና የሚሳፈረው። ከመናኸሪያው ሁለት መንገድ ይወጣል። አንዱ ትልቁ አስፋልት ነው፣ ወደ ላይ ወደ ኮርቴክስ፣ ወደ አንጎል የላይኛው ሽፋን ይሄዳል፣ እዛ ድምፁ ይመረመራል፣ ገልባጭ ነው፣ ግን ቆሟል፣ ርቀቱም ይሄን ያህል ነው ይባላል። ሌላው እናንተ አስፋልቱ ሲጨናነቅ ውስጥ ለውስጥ እንደምታቋርጡበት ኮብልስቶን ነው፣ ቀጥታ አሚግዳላ ጋር ያደርሳል። አሚግዳላ በግሪክ ለውዝ ማለት ነው፣ እኛ ለውዝ የምንለው ኦቾሎኒው ሳይሆን መፅሐፍ ቅዱስ ላይ ያለው፣ ቅርጿ እሱን ስለሚመስል ነው። በግራም በቀኝም አንዳንድ አለችህ፣ ከጆሮህ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ።

ይሄን አቋራጭ ያሳየው ጆሴፍ ለዱ የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ ነው። በፈረንጆቹ 1984 (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው አመቶችም በፈረንጆቹ ናቸው) ከባልደረቦቹ ጋር በአይጦች የሰራው ስራ አለ፣ አይጧን ድምፅ ያሰሟታል፣ ወዲያው እግሯን ትንሽ ኤሌክትሪክ ይነካታል፣ ከዛ በኋላ ድምፁን ብቻ ስትሰማ ደርቃ ትቆማለች፣ ልክ አንተ መሪ ይዘህ እንደምትደርቀው። ታዲያ ድምፅ የሚመረምረውን ኮርቴክስ ቢያበላሹትም አይጦቹ መፍራት ተማሩ። መናኸሪያው ላይ ያለውን የድምፅ ክፍል ሲያበላሹት ግን አልተማሩም። ስለዚ ኮርቴክስን ሳይነካ የሚሄድ መንገድ አለ ማለት ነው። አይጥ ላይ በአቋራጩ ድምፅ አሚግዳላ ለመድረስ 12 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል፣ በአስፋልቱ ዞሮ ሲመጣ እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረው። ከአሚግዳላ ደግሞ ትእዛዙ ሃይፖታላመስ ወደሚባል ከታላመስ በታች ያለ ትንሽ ክፍል ይወርዳል፣ ልብ ይመታል፣ ላብ ይመጣል፣ ሌላው ወደ አንጎል ግንድ ወርዶ ያደርቅሃል። አንተ "ቆሟል እኮ" ብለህ ስታስብ ሰውነትህ ቀድሞህ ሄዷል። አልሰማ ብሎህ አይደለም፣ ያንተ መልእክት ዘግይቶ ስለሚደርስ ነው።

እዚህ ጋር አንድ ነገር ሳልል ማለፍ አልፈልግም ምክኒያቱም ኢንተርኔት ላይ "አሚግዳላ የፍርሃት ማእከል ናት" ሲባል ብዙ ስለምታዩ። ለዱ ራሱ በኋላ ይሄን አባባል ተቃውሟል፣ አሚግዳላ አደጋ አይታ ሰውነትን ታዘጋጃለች እንጂ "ፈራሁ" የሚለው ስሜት እሷ ብቻዋን የምትሰራው አይደለም ይላል። በህክምናው አለም ኤስ ኤም በሚል ፊደል ብቻ የምትታወቅ አንዲት ሴት አለች፣ በዘር በሚመጣ በጣም ብርቅ በሽታ ሁለቱም አሚግዳላዎቿ ጠፍተዋል። እባብ የሚሸጥበት ሱቅ ይዘዋት ሲሄዱ እባቡን በእጇ እያገላበጠች ትጫወታለች፣ ትልልቆቹንና አደገኞቹንም ልንካ እያለች አስቸገረች። ፍርሃት የሚባል የላትም ተብሎ ነበር። በ2013 በወጣ ጥናት ግን 35 ፐርሰንት ካርቦንዳይኦክሳይድ ያለበት አየር በጭምብል ሲያስነፍሷት በድንጋጤ ጮኸች፣ ጭምብሉን ለመንቀል ታገለች። ስለዚ ፍርሃት አንድ ቦታ የተቀመጠ እቃ ሳይሆን መረብ ነው፣ ብዙ መግቢያ አለው። ይሄ ላንተ መልካም ዜና ነው፣ ብዙ መግቢያ ያለው ነገር ብዙ ማስተካከያም አለው።

ከመግቢያዎቹ አንዱ ቦታ ነው። ሂፖካምፐስ የሚባል ክፍል "ይሄ ነገር የት ነበር የሆነው" የሚለውን ይይዛል። ሙያህ ስለሆነ አንድ ነገር ልጨምርልህ፣ በ2000 ለንደን ላይ የታክሲ ሾፌሮችን ጭንቅላት በኤምአርአይ አይተው የሂፖካምፐሳቸው የኋላ ክፍል ከሌላው ሰው ተለቅ ብሎ ነው የተገኘው፣ በሺዎች የሚቆጠሩ መንገዶችን በቃላቸው ስለሚያጠኑ። አንተም ሀዋሳን ከአቶቴ እስከ ዳቶ በጭንቅላትህ ይዘሃታል፣ እዛው ካርታ ላይ ነው ጥቁር ውሃ በቀይ የተመታችው።

አሁን ዋናው ጋር ልምጣ። ይጠፋል ወይ? አይጠፋም፣ ግን ይደረብበታል። አይጧን ድምፁን ደጋግመው እያሰሟት ኤሌክትሪኩን ቢተዉት ቀስ በቀስ መድረቋን ታቆማለች። ድሮ ረሳችው ይባል ነበር። አልረሳችውም፣ ሳጥኑን ሲቀይሩባት ወይ ብዙ ቀን ቆይተው ሲያሰሟት ፍርሃቱ ተመልሶ ይመጣል፣ ጊዜ ሲቆይ እንደሚመለስ ፓቭሎቭም በውሾቹ አይቶት ነበር። የድሮው ትምህርት እንዳለ ሆኖ "ይሄ ድምፅ አሁን ምንም አያመጣም" የሚል ሁለተኛ ትምህርት ከላይ ተደረበበት ማለት ነው። ሁለተኛውን የሚይዘው ግንባር አካባቢ፣ ከፊት ለፊቱ ኮርቴክስ የታችኛው የውስጥ ክፍል ነው፣ እሱ ነው አሚግዳላ ላይ ፍሬን የሚይዘው። በ2002 ሚላድና ኩዊርክ የሚባሉ ተመራማሪዎች አይጥ ላይ እዛ ክፍል ያሉት ሴሎች የሚነቁት አይጧ "አያመጣም" የሚለውን ትምህርት ስታስታውስ እንደሆነ አሳይተዋል። ግድግዳ ላይ የድሮውን ቀለም ሳትፍቅ አዲስ መቀባት በለው፣ ክረምት ሲመታው ሊላጥ ይችላል፣ ያኔ ደግመህ ትቀባለህ እንጂ ቤቱ ፈረሰ አትልም።

ታዲያ አንተ "አልሄድም" ባልክ ቁጥር ሁለተኛው ትምህርት መማሪያ እድሉን ያጣል። ልብህ ወዲያው ቀለል ይልሃል፣ ያ መቅለሉ ደግሞ "መሸሽ ያዋጣል" ብሎ ያስተምርሃል፣ ነገ መሸሹ ይብሳል። እኔ ልጅ ሆኜ ውሻ ነክሶኝ ነበር፣ የሆድ መርፌው እስካሁን ትዝ ይለኛል፣ ከዛ በኋላ ሁለት አመት ሙሉ ውሻ ያለበትን ሰፈር ዞሬ ነው የምሄደው፣ ፍርሃቱ በዛ መሀል አልቀነሰም፣ ጨመረ እንጂ።

ስለዚ በትንሽ በትንሹ ነው የሚኬደው። መጀመሪያ ሞተሩ የጠፋ የቆመ ገልባጭ አጠገብ ባጃጇን ሳትይዝ ቆመህ መቆየት፣ ከዛ የፍሬኑን ድምፅ ስልክህ ላይ ቀድተህ ቤት ቁጭ ብለህ ቀነስ አርገህ ማዳመጥ፣ እያደር ድምፁን ከፍ ማድረግ፣ ከዛ የምታምነው ሰው እያሽከረከረ አንተ ከኋላ ሆነህ ጥቁር ውሃ ድረስ ደርሶ መመለስ። ቁም ነገሩ ልብህ መምታት ሲጀምር ጥለህ አለመሄድ ነው፣ እስኪወርድ እዛው ቆይ፣ ይወርዳል። ፍርሃቱ ጫፍ ላይ እያለ ከሸሸህ የተማርከው መሸሽን ነው። ደግሞ አንድ ቦታ ብቻ አትለማመድ፣ ሞኖፖልም ፒያሳም፣ ጠዋትም ማታም፣ ሂፖካምፐስህ ቦታ እየለየ ስለሚይዝ አንድ ቦታ የተማርከው ሌላ ቦታ ላይሰራ ይችላል። እስክትረጋጋ ድረስ ግን ሰው ጭነህ እንዳትሞክረው፣ ባጃጅ ውስጥ ደርቀህ መቅረት ለሌላውም አደጋ ነው። ይሄን ሁሉ ብቻህን ከምትሞክር ከባለሙያ ጋር ብታደርገው ይሻላል፣ ሪፈራል ሆስፒታል የአእምሮ ህክምና ክፍል ሄደህ እንዲሁ እንደፃፍክልኝ ንገራቸው። በተለይ ሌሊት አደጋውን በህልምህ እያየህ የምትነቃ ከሆነ፣ እንቅልፍ ካጣህ ወይ መኖሬ ምን ዋጋ አለው የሚል ሀሳብ ከመጣብህ ቀጠሮ ምናምን ሳትል ዛሬውኑ ሂድ።

መድኃኒቱን በተመለከተ፣ ዩቲዩቡ ከአየር ላይ አላመጣውም። በ2000 ካሪም ናደር የሚባል ተመራማሪ ለዱ ቤተሙከራ ውስጥ ሆኖ የሚያስገርም ነገር አሳየ፣ ትዝታ ሲነሳ ለጥቂት ሰአት ይላላል፣ እንደገና ለመቀመጥ አዲስ ፕሮቲን መሰራት አለበት። አይጧ ድምፁን ሰምታ ትዝታው እንደተነሳ ፕሮቲን መስራት የሚከለክል መድኃኒት አሚግዳላዋ ውስጥ ሲያስገቡ ፍርሃቱ በጣም ቀነሰ። ከዛ በኋላ ሰው ላይ በደም ግፊት መድኃኒት፣ በፕሮፕራኖሎል ማለቴ ነው፣ ብዙ ተሞክሯል፣ አንዱ ጋር ሰራ ሌላው ጋር አልሰራም። ሄደህ ፋርማሲ የምትገዛው ትዝታ የሚያጠፋ ክኒን የለም። ፕሮፕራኖሎልንም ከፋርማሲ ገዝተህ በራስህ እንዳትወስድ፣ አስም ላለበት ሰው አደገኛ ነው።

ስለ ፀበሉ አልጠየከኝም ግን እናትህን ስላነሳሃት፣ ፀበሉን ተው አልልህም። ሁለቱም ይሄዳል። ህክምና ጀምሬ ፀበል ልቅር ወይ የሚል ሁሉ ይሄን ያንብብልኝ፣ አንዱ ሌላውን አይከለክልም፣ ሀኪም የሰጠህን መድኃኒት ግን ፀበል ጀመርኩ ብለህ አታቋርጥ።

ጥያቄ፦ ጫት ከተውኩ አምስት ወሬ ነው፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። መጀመሪያ አካባቢ ዱካክ ሊገለኝ ነበር፣ አሁን እሱ ለቆኛል። ግን ከሰአት 8 ሰአት አካባቢ ሰፈር ውስጥ እጣን ጭሶ ሲሸተኝ ወይ ጫት የተጠቀለለበት ኮባ ሳይ ሀራራዬ እንደ አዲስ ይነሳል። ጓደኛዬ "ዶፓሚንህ አልቋል፣ አይመለስም" አለኝ። እውነት ያልቃል እንዴ?

መልስ፦ አያልቅም። ዶፓሚን ነዳጅ አይደለም ታንከሩ ባዶ የሚሆነው፣ ሴሎቹ በየቀኑ ይሰሩታል። አምስት ወር ደግሞ ቀላል አይደለም፣ በርታ።

ዶፓሚን የደስታ ኬሚካል ነው ሲባል ሰምተህ ይሆናል፣ እሱም ሙሉ እውነት አይደለም። በ1954 ካናዳ ሞንትሪያል ውስጥ ኦልድስና ሚልነር የሚባሉ ሰዎች አይጥ ጭንቅላት ውስጥ ቀጭን ሽቦ ከተው አይጧ እጀታ ስትጫን ራሷ ጭንቅላቷ ላይ ትንሽ ኤሌክትሪክ እንድታበራ አደረጉ፣ አይጦቹ ስራ ፈተው እሱን ብቻ ሲጫኑ ዋሉ። የደስታ ቦታ ተገኘ ተባለ። ቆይቶ ግን ኬንት ቤሪጅ የሚባል ተመራማሪ ዶፓሚናቸው የጠፋ አይጦች አፋቸው ላይ ስኳር ሲደረግላቸው ልክ እንደ ጤነኛዋ ከንፈራቸውን እንደሚልሱ አየ፣ ጣእሙን ወደውታል፣ ሄደው ለማምጣት ግን አይነሱም። መውደድና መፈለግ ለየቅል ናቸው፣ ዶፓሚን የበለጠ የፍለጋው ነው። አንተ ሀራራ የምትለው እሱን ነው፣ ቃሉ ራሱ ደስታ አይደለም የሚለው፣ ሳይንሱ ብዙ ዞሮ የደረሰበትን የሀገራችን ቃሚዎች ቀድመው ስም አውጥተውለታል።

የእጣኑ ነገር ደግሞ ቮልፍራም ሹልትዝ የሚባል ተመራማሪ ጦጣ ላይ ያየው ነው። ጦጣዋ ሳታስበው ጁስ ሲመጣላት የዶፓሚን ሴሎቿ ይነሳሉ። ከጁሱ በፊት ሁሌ መብራት ሲበራ ግን ቀስ በቀስ ሴሎቹ ለጁሱ መነሳት ትተው ለመብራቱ መነሳት ይጀምራሉ። መብራቱ በርቶ ጁሱ ከቀረ ደግሞ ከመደበኛው በታች ይወርዳሉ። ያንተ መብራት እጣኑ፣ ኮባውና 8 ሰአት ነው። ሲሸትህ ይነሳል፣ ጫቱ ሳይመጣ ሲቀር ይወርድና ያን ባዶነት ይሰማሃል። ጓደኛህ አልቋል ያለው እሱን ይሆናል።

ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የሚባለው ንጥረ ነገር ከአምፌታሚን ጋር የቅርብ ዘመድ ነው፣ ዶፓሚን ከሴሉ እንዲፈስ ያደርጋል። ቅጠሉ ሲደርቅ ካቲኖኑ ወደ ደካማው ወደ ካቲን ይቀየራል፣ ለዛ ነው እርጥብ እንዲቆይ በኮባ ጠቅልለው መኪናውን እንደዛ የሚያስሮጡት፣ የኮባው ምስል ጭንቅላትህ ላይ እንደዛ የተጣበቀውም ሁሌ ከትኩሱ ጋር አብሮ ስለመጣ ነው። ዱካኩም ከዚሁ ነው የሚመጣው፣ እንዲህ አይነት አነቃቂ ነገር ህልም የሚታይበትን እንቅልፍ ይጨቁናል፣ ሲቆም ያ እንቅልፍ ብድሩን ሊመልስ በጅምላ ይመጣል።

ከላይ ለባጃጅ ሾፌሩ ያልኩት ላንተም ነው፣ የድሮው ትምህርት አልተሰረዘም። ስለዚ አምስት ወር ቆይቶ ሀራራ መምጣቱ ወደ ዜሮ ተመለስክ ማለት አይደለም። ግን አንተና እሱ አንድ ልዩነት አላችሁ፣ በርጫ ላይ ቁጭ ብዬ ሳልቅም ልልመድ እንዳትል። 8 ሰአትን ሌላ ነገር ስጣት፣ ፍቅር ሀይቅ ዳር መሄድ፣ ኳስ፣ ላይብረሪ፣ ምንም ይሁን ምን ግን በየቀኑ አንድ አይነት ይሁንና ሰአቷ አዲስ ትርጉም ትያዝ። እጣኑን በተመለከተ እናትህ ቤት በእሁድ ቡና ላይ ብታሸተው ጥሩ ነው፣ ከሌላ ነገር ጋር ደጋግሞ ሲመጣ ይለዝባል። ጨብሲም ከጫቱ ጋር አብሮ የነበረ ከሆነ መጠጥ ቤቱም ያው መብራት ነው፣ እሱንም ራቀው።

ጥያቄ፦ ልጄ 15 አመቱ ነው። ጨዋ ልጅ ነበር፣ አሁን በትንሽ ነገር ይጮሃል፣ በር ይወረውራል፣ ትንሽ ቆይቶ መጥቶ እናቴ ይቅርታ ብሎ ያለቅሳል። ሌሊት እስከ 7 ሰአት አይተኛም፣ ጠዋት አይነሳም። ጎረቤቶች የሆነ ነገር ሰፍሮበታል ይሉኛል። ልጄ ምን ሆነብኝ?

መልስ፦ እናቴ፣ ልጅዎ መጥቶ ይቅርታ ብሎ ማልቀሱ የልጅነት ጨዋነቱ እንዳለ መሆኑን ነው የሚያሳየው፣ እሱን ይያዙልኝ። ስሜትን የሚያነሳው የአንጎል ክፍል በዚህ እድሜ ሙሉ ጉልበት አለው፣ ቆም አርጎ የሚያሳስበው የግንባሩ ክፍል ግን ተሰርቶ የሚያልቀው ሀያዎቹ አጋማሽ አካባቢ ነው። ሞተሩ ገብቷል፣ ፍሬኑ ገና እየተገጠመ ነው። ይሄ የግንባር ክፍል ምን እንደሚሰራ ሰው መጠርጠር የጀመረው አሜሪካ ውስጥ በ1848 ነው፣ ፊንያስ ጌጅ የሚባል የባቡር ሀዲድ ሰራተኛ ድንጋይ በባሩድ ሲያፈርስ ከአንድ ሜትር የሚበልጥ የብረት ዘንግ በጉንጩ ገብቶ በአናቱ ወጣ። ተነስቶ አወራ፣ ተራመደ፣ 11 አመት ከምናምን ኖረ። ሀኪሙ ግን ፀባዩ ተቀየረ፣ ተሳዳቢና ትእግስት የሌለው ሆነ፣ ጓደኞቹም ይሄ ጌጅ አይደለም አሉ ብሎ ፃፈ። የልጅዎ እንዲህ አይደለም፣ የሱ አልተበላሸም፣ አልደረሰም እንጂ።

እንቅልፉም ቢሆን ስንፍና ብቻ አይደለም፣ በጉርምስና እንቅልፍ የሚያመጣው ሜላቶኒን ማታ ዘግይቶ ነው የሚለቀቀው። ስልኩ ደግሞ ያባብሰዋል፣ ማታ 4 ሰአት ላይ የሁላችሁም ስልክ፣ የርስዎም ጭምር፣ ሳሎን ቢያድር ጥሩ ነው። ሲጮህ አብረው አይጩሁ፣ ያኔ የሚሉትን አይሰማም፣ ሲበርድ ቡና እየጠጣችሁ ያውሩት። ጎረቤቶቹን አልቀየማቸውም፣ ግን ያሉትን ለልጁ እንዳይነግሩት፣ ስለራሱ የሚያምነው ነገር ሆኖ ይቀራል። ከጓደኞቹ ጨርሶ ከራቀ፣ መብላት ከተወ፣ ራሱን ወይ ሌላ ሰው ከጎዳ፣ ሌላው የማይሰማውን ድምፅ እሰማለው ካለ ግን ሳይውሉ ሳያድሩ ሀኪም ያሳዩት።

ጥያቄ፦ ሰው ከጭንቅላቱ 10 ፐርሰንት ብቻ ነው የሚጠቀመው የሚባለው እውነት ነው? ሞቲቬሽናል ስፒከር ነው የነገረን።

መልስ፦ ውሸት ነው። ጭንቅላታችን ከሰውነታችን ክብደት 2 ፐርሰንት ያህል ሆኖ የምንበላውን ጉልበት 20 ፐርሰንት ገደማ ይጨርሳል፣ 90 ፐርሰንቱ ስራ ፈት ቢሆን ሰውነት እንዲህ አይቀልበውም ነበር። ተኝተህም ሁሉም ክፍል ይሰራል።

ጥያቄ፦ 11ኛ ክፍል ነኝ፣ ናቹራል። ሳይንቲስቶች የአይጥ ጭንቅላት ላይ ብርሃን አብርተው ፍርሃትና ንዴት ያበራሉ ያጠፋሉ ሲባል አነበብኩ። እንዴት ነው ብርሃን ስሜት የሚያመጣው? ሰው ላይስ ሊያደርጉት ይችላሉ? ደግሞ ይሄን ለመማር ምን ልግባ?

መልስ፦ እህቴ ይሄን ደብዳቤ ሳነብ ምን ያህል ደስ እንዳለኝ። ብርሃን በራሱ ስሜት አያመጣም፣ የነርቭ ሴል ብርሃን አያይም። ውሃ ላይ የሚኖር አረንጓዴ አልጌ አለ፣ አንድ ሴል ብቻ፣ ብርሃን ወዳለበት የሚዋኘው ቻናልሮዶፕሲን በሚባል ፕሮቲን ነው፣ ሰማያዊ ብርሃን ሲያርፍበት በር ይከፍትና ቻርጅ ያላቸው አየኖች ወደ ሴሉ ይገባሉ። በ2005 ኤድ ቦይደንና ካርል ዳይሰሮት ከባልደረቦቻቸው ጋር የዚህን ፕሮቲን ጂን በቫይረስ አርገው ነርቭ ሴል ውስጥ ከተቱት፣ ከዛ በኋላ ሰማያዊ ብርሃን ሲበራ ሴሉ ምልክት ይልካል፣ ሲጠፋ ያቆማል። ኦፕቶጄኔቲክስ ይሉታል። ከዛ በፊት በኤሌክትሪክ ነበር የሚሞከረው፣ ኤሌክትሪክ ግን አጠገቡ ያለውን ሁሉ ነው የሚያስነሳው፣ ገበያ መሀል በማይክ እንደመጥራት። ይሄ ግን የፈለግሽውን የሴል አይነት ብቻ በስሙ ይጠራል።

ያነበብሽው ንዴት የዴቪድ አንደርሰን ቤተሙከራ የ2011 ስራ ሳይሆን አይቀርም፣ ዳዩ ሊን የምትባል ተመራማሪ ሃይፖታላመስ ውስጥ ትንሽ ቦታ ላይ ብርሃን ስታበራ ወንዱ አይጥ ሰላም ተቀምጦ የነበረው ተነስቶ አጠገቡ ያለውን ይነክሳል፣ በአየር የተነፋ ጓንት ቢያስቀምጡለት እንኳን እሱንም ያጠቃል። በዛው አመት ኬይ ታይ የምትባል ተመራማሪ ደግሞ አሚግዳላ ውስጥ ካለ ክፍል ወደ ሌላው የሚሄደውን መስመር ብቻ ስታበራ አይጦቹ ጭንቀታቸው ቀንሶ ሜዳ ወጡ፣ የሚገርመው የሴሎቹን አካል በጅምላ ስታበራ ተመሳሳዩ ነገር አልሆነም። እኔ ከዚህ ሁሉ የሚነካኝ ይሄኛው ነው፣ አንድ ቦታ ውስጥ የሚያስጨንቅም የሚያረጋጋም መስመር ጎን ለጎን አለ፣ ዋናው ወዴት ነው የሚሄደው የሚለው ነው። በ2012 ደግሞ ሱሱሙ ቶኔጋዋ ቤተሙከራ ውስጥ አይጧ ስትፈራ የነቁትን የሂፖካምፐስ ሴሎች ለይተው ምልክት አደረጉባቸው፣ ከዛ ሌላ ሳጥን ውስጥ፣ ምንም ባልደረሰባት ቦታ፣ እነሱን ብቻ ሲያበሩ ደርቃ ቆመች። ትዝታዋን በብርሃን አነሱት ማለት ነው።

ሰው ላይ? ስሜት ለመቆጣጠር አይደለም። ጂን በቫይረስ ማስገባት፣ አንጎል ውስጥ የብርሃን ገመድ መትከል ነው እኮ፣ ማንም ካንቺ ተደብቆ የሚያደርገው ነገር አይደለም፣ ስለዚ ከሩቅ ሰው ይነዳበታል የሚሉትን አትፍሪ። ሰው ላይ የተጠቀሙበት አይን ላይ ነው፣ በ2021 በወጣ ጥናት ለብዙ አመት አይነ ስውር የነበረ ሰው ሬቲናው ውስጥ እንዲህ አይነት ፕሮቲን ተደርጎለት በልዩ መነፅር ጠረጴዛ ላይ ያለን እቃ ለይቶ መንካት ቻለ።

መንገዱ ብዙ ነው፣ ህክምናም ባዮሎጂም ያስገባል፣ ኮምፒውተር ሳይንስና ሂሳብ ደግሞ አሁን ከሁለቱ አያንስም። በ2024 የአንዲት የፍራፍሬ ዝንብ ሙሉ የአንጎል ካርታ ወጥቷል፣ 139,255 ሴል ከነግንኙነቱ፣ ያን ሁሉ ኮምፒውተርና ብዙ ሰው ተጋግዞ ነው የጨረሰው። የሰው 86 ቢሊዮን ገደማ ስለሆነ እስክትመረቂ ስራው አያልቅም። ለአሁኑ ትምህርት ቤትሽ ማይክሮስኮፕ ካለ የባዮሎጂ መምህርሽን አስፈቅጂና ሀይቁ ዳር አረንጓዴ ካለበት ቦታ በጠርሙስ ትንሽ ውሃ ቅጂ፣ አሞራ ገደል ጋር ከሆነ ከትልቅ ሰው ጋር ሂጂ። አንድ ጠብታ ከመስታወቱ ላይ አርገሽ ግማሹን በወረቀት አጨልሚው፣ ትንሽ ቆይተሽ ወረቀቱን አንሺና አረንጓዴዎቹ የት እንደተሰበሰቡ እይ፣ ከዛ ያየሽውን ፃፊልኝ።